በረንዳው ላይ የማይነሳው ሰውዬ

ያልተሠራ ቤት አያፈስም። ይህን ተረት የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሮቤ ላይ ሃያ ዓመት ቆርቆሮ፣ ምስማርና ሲሚንቶ ሸጬ ያፈራሁት ጥበብ ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ሳይወስድብኝ ከመነሻው ላስመዘግበው። የተሠራ ቤት ግን ያፈሳል። ሲያፈስ ደግሞ ባለቤቱ አናጺውን አይፈልግም፤ አናጺው ስልክ ቀይሯል። ሱቁን መቀየር የማይችለው እኔ ነኝ። «ቆርቆሮህ አፈሰሰ» ይሉኛል። ቆርቆሮው እኔ ዘንድ በነበረበት ጊዜ ሁሉ አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ጥበብ ያለው ሰው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ኮምፒዩተር ላይ ቤት ወደ መሥራት ምን አመጣው? ቅናት። ሌላ ምክንያት የሚነግራችሁ ነጋዴ ካገኛችሁ ሚዛኑን ደግማችሁ ፈትሹ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ፣ እንደኔው ቆርቆሮ ሻጭ ነው፣ አንድ ቀን የበሩን ግራና ቀኝ በትልልቅ የቪላ ፎቶ ሸፈነው። ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን ገበሬው ሁሉ ፎቶው ሥር ቆሞ አንገቱን ያቀናል፣ ምላሱን ያጮኻል፣ ከዚያ ገብቶ ቀለም ይገዛል። እኔ በር ላይ የተሰቀለው የአካፋ እጀታ ነው። የአካፋ እጀታ አይቶ የተመኘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በዚህ መሃል ሐጂ ከድር መጡ። ሐጂ ከድር የገሰራ ገበሬ ናቸው፤ ስንዴያቸው ጥሩ፣ ፈረሳቸው ጥሩ፣ ቃላቸው ከሁለቱም የበለጠ ጥሩ። ወንበር ሰጠኋቸው። ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ተጠያየቅን፤ ባሌ ውስጥ ይህ ሳያልቅ ወደ ጉዳይ የሚገባ ሰው ወይ እሳት ተነስቶበታል ወይ ባለጌ ነው።

«የሞሚና ጉልበት አስቸገረን» አሉኝ በመጨረሻ። አዴ ሞሚና ባለቤታቸው ናቸው። «ሐኪሟ ጎባ ነው ያለው። ከገሰራ እያመላለስኩ፣ በመንገዱ ብቻ ልጨርሳት ነው። እዚህ ሮቤ፣ ወደ ጎባ መውጫው ላይ ቦታ አለኝ። ቤት ልሥራልሽ ብላት እምቢ አለች።»

«ምነው?»

«‹ያላየሁት ቤት አልገባም› ትላለች። ካልተሠራ አታየውም፤ እሺ ካላለች ደግሞ አልሠራም። እዚህ ላይ ቆመናል።»

«ከማዶ ያለውን ፎቶ ቢያሳዩዋቸውስ?» አልኩ፣ እያመመኝ።

«አሳየኋታ! ‹ይሄማ የሰው ቤት ነው፤ ሰዎቹ ወዴት ሊሄዱ ነው?› አለችኝ።»

እዚህ ላይ አፌ ከእኔ ቀድሞ መነገድ ጀመረ። «እኔ የራሳቸውን ቤት አሳያቸዋለሁ። በኮምፒዩተር። እየተራመዱ፣ ከክፍል ክፍል እየገቡ ያዩታል» አለ። እኔም እንደ እሳቸው ነው የሰማሁት። አንድ ጎባ የሚኖር ደንበኛዬ ልጁ ጫልቱ እንዲህ ያለ ነገር እንደምትሠራ ነግሮኝ ነበር፤ አፌ የያዘው ዕውቀት ይኸው ነው።

ሐጂ ተነሱና እጄን ጨበጡ። «እሺ ካለች ከመሠረቱ ድንጋይ እስከ ጣሪያው ምስማር ካንተ ነው። እምቢ ካለች ግን ጉልበቷ እየከፋ እዚያው እናረጃለን። በል፣ አደራ።»

አደራ የሚለው ቃል ከሲሚንቶ ይከብዳል። ሲሚንቶ ቢያንስ የሚሸከምልህ ሰው ይገኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ጎባ ወረድኩ። (ጎባ ለመሄድ ወረድኩ ስል የጎባ ሰው ይቆጣል፤ እሱ ወደ ሮቤ ነው የሚወርደው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው የቱ ነው የሚለው ክርክር እኔ ስወለድ የነበረ ነው፤ ስቀበርም ይኖራል።) ጫልቱ የቤት ፕላን አውጪ ናት፤ የሐጂን ቤት ፕላን እሷ እንድትሠራ፣ ሥዕሉን ደግሞ እኔ እንድማር ተስማማን። ሙሉውን ለምን ለእሷ አልተውኩላትም? ደንበኛው ፊት ማውሱን የያዘው ሰው እኔ መሆን አለብኝ ብዬ ነዋ። ነጋዴ ሜትሩን ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ሶፍትዌሩ የሚገርም ነው። የድሮው ዓይነት አንዲት ሥዕል እስኪያወጣ ሰው ጋግሮ ይበላል ይላሉ። ይሄኛው ግን እዚያው በዚያው ነው፤ ግድግዳውን ቀይ ስትለው ይቀላል፣ ፀሐይዋን በማውስ ስትገፋት ጥላው አብሮ ይዞራል። ጫልቱ መጀመሪያ ያለችኝ ነገር ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ከሁሉም በፊት ሰሜንን እናስተካክል።»

«ልጄ፣ ሰሜን የትም አይሄድም። ዛፍ እንዴት እንደሚተከል አሳዪኝ።»

ይህን ንግግር ያዙልኝ። እኔ አልያዝኩትም ነበር።

ላፕቶፑን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ጫልቱ «ጌም የሚችል መሆን አለበት» ስላለች ቁልፎቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ የሚያበሩ ሆኖ መጣ። ባለቤቴ አልማዝ ስታየው «የሠርግ ድንኳን ነው የገዛኸው?» አለችኝ። ሶፍትዌሩን ስከፍተው ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ የጎረቤት ሴት እህል ይዛ ልትመጣ ምንም አልቀራትም። ከዚያ ደግሞ ጋለ። የሮቤን ጠዋት ብርድ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ይገምታል፤ በሳምንቱ ሱቄ ምስማር በማይገዙና እጃቸውን ላፕቶፑ ላይ በሚያሞቁ ሰዎች ተሞላ። «ትንሽ አስሠራው፣ ቀዝቀዝ አለ» ይሉኛል። አልማዝ እንኳ አንድ ቀን ካልሲዬን ጎኑ ላይ አስጥታ አገኘኋት።

በኢንተርኔት ቪዲዮ እያየሁ የጀመርኩት ትምህርት እንዲህ ሄደ። መጀመሪያ የሐጂ ቤት ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተንሳፈፈ። ሳወርደው ግቢው ውስጥ የዘራሁት ሣር ሳሎኑን ዘልቆ በቀለ። ሁለት ቀን ሣር ሳርም ከርሜ አልቻልኩም። አልማዝ «ምን ያስጨንቅሃል? ለበዓል የተጎዘጎዘ ነው በላቸው» አለች። ግድግዳውን ሲሚንቶ ልቀባ ብዬ መስታወት ቀባሁት፤ ቤቱ ሰማዩን መስሎ ጠፋ፣ በርና መስኮቱ ብቻ አየር ላይ ቀሩ።

በጣም የተዋረድኩት ግን በሰዓቱ ነው። ቤቱ በጠዋት ብርሃን እንዲያምር ፈልጌ ሰዓት የሚለው ቦታ ላይ አንድ ብዬ ጻፍኩ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት። ስክሪኑ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። መብራት ሄደ ብዬ ወጥቼ ቆጣሪውን አየሁ፤ አለ። ጎረቤቴን ጠየቅሁ፤ አለ። ላፕቶፑን በጥፊ መታሁት። ጫልቱ ጋ ደወልኩ።

«ስንት ብለው ጻፉ ጋሼ?»

«አንድ ነዋ፣ ጠዋት።»

ስትስቅ ስልኩን ከአፏ አርቃ ነው፤ ያሳደጋት ይባረክ። «ጋሼ፣ እሱ የፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኛ ጠዋት አንድ ለእሱ ሰባት ነው።»

ስለዚህ ሮቤ ላይ ፀሐይ እንድትወጣ ስድስት መደመር ያስፈልጋል። እሺ፤ ከዚህ የከፋ ደንበኛም አስተናግጃለሁ።

አሁን ቤቱ አማረ። ማማሩ አልበቃኝም። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለ ክፍያ የሚወሰድ የዕቃ ማከማቻ አለ፤ ነፃ ዕቃ ያየ ነጋዴ ደግሞ ዓይኑን ይጨፍናል። ስምንት ዘንባባ ተከልኩ። መዋኛ ገንዳ ቆፈርኩ። እንደ ጫማ ሶል የተዳመጠች ቀይ መኪና አቆምኩ። ቤቱ ሰው አልባ እንዳይመስል በረንዳው ላይ አንድ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፤ በግቢው በር አጠገብ ደግሞ ቁምጣ ለብሳ ለስፖርት የምትሮጥ ሴት አደረግሁ። ከሁለቱ ማናቸውንም አላውቃቸውም። መልካም ሰዎች መስለውኝ ነው።

ሐጂ ባለቤታቸውን ከማምጣታቸው በፊት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ዋናው ኦቦ ሁሴን ናቸው፤ ገሰራ ውስጥ የወሰን ጠብ ሲነሳ የሚጠሩ፣ ቀልዳቸውና ቁምነገራቸው በመልክ የማይለይ ሰው። ሦስቱም ከላፕቶፑ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሙቀቱን ወደዱት። እኔ በቁልፍ እየተራመድኩ ግቢው ውስጥ ገባሁ።

«ቢስሚላሂ» አሉ ኦቦ ሁሴን፣ በሩ ሲከፈት። ደፍ እንደሚሻገር ሰውም እግራቸውን ትንሽ ከመሬት አነሱ።

ወደ በረንዳው ተጠጋን። ሰውዬው ተቀምጧል። ኦቦ ሁሴን ጎንበስ ብለው አዩትና «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉት።

ማራገቢያው ብቻ ይጮኻል።

«ማነው ይሄ?» አሉኝ።

«እ… ለማሳመሪያ ነው፣ ኦቦ።»

«ሰላምታ አይመልስም። ሦስት ሽማግሌ ሲመጣም ከወንበሩ አይነሳም። ይሄ ነው ማሳመሪያው?»

«ኮምፒዩተሩ ነው፣ ኦቦ፤ እሱ መነሳት አይችልም።»

«ታሟል?»

«አልታመመም።»

«እንግዲያው ባለጌ ነው።»

ሐጂ ከድር ያቀረቀሩት እየሳቁ ይሁን እያፈሩ አልታየኝም። እኔ ደንግጬ ከሰውዬው ለመሸሽ አንድ ቁልፍ ብጫን ግድግዳውን ጥሰን ሳሎን ገባን። «በበር ነው የምንገባው፤ ሌባ አይደለንም» አሉ ኦቦ ሁሴን። ልመለስ ብዬ ስዞር ግቢው በር ጋ ወጣን፤ ያቺ ሴት እየሮጠች መጣች። ሁለተኛው ሽማግሌ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ያ ረቢ! ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም፣ አባቴ።»

«ምንም ያልሆነች ሴት እንዲህ ትሮጣለች? ወይ ሰው ሞቷል ወይ ቤት ተቃጥሏል። አንተ ያንን ተቀምጦ የሚያየውን ጠይቀው!»

«እሱ መቼ መልስ ይሰጣል» አሉ ኦቦ ሁሴን።

ከዚህ በኋላ ስለ ገንዳው ማንም አልጠየቀም። ሐጂ ሲወጡ ብቻ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ቤቱ መልካም ነው፤ ጎረቤቱ ግን አስፈራኝ» አሉኝ።

ወሬ ከሮቤ ገሰራ ከአውቶቡስ ይቀድማል። ሐጂ በማግስቱ ደወሉ። «ሞሚና ልትመጣ ነው» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ! ቤቱን ሊያዩ?»

«ሰውዬውን ልታይ። ‹በስሜ በሚሠራ ቤት፣ እኔ ሳላውቅ ማን ነው ተቀምጦ ሽማግሌ የሚንቀው?› ብላ ተነስታለች።»

ያን ዕለት ግቢውን አጸዳሁ። ሴትዮዋን አሰናበትኩ፣ መኪናውን ነዳሁ፣ ዘንባባውን ነቀልኩ፣ ገንዳውን ደፈንኩ፤ ሰውዬውንም ከነወንበሩ ሰረዝኩት። ጫልቱንም ለመንኳት፤ ከጎባ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

አዴ ሞሚና በሐጂ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ቀጭን ናቸው፣ ዓይናቸው ግን የሁለት ሰው ነው። ኦቦ ሁሴንም ይህ እንዲያመልጣቸው አልፈለጉም፤ ከኋላ ተከትለው ገቡ። ደህና ሰነበትክ፣ ልጆችህ፣ ቤትህ፣ ተባባልን። ከዚያ፦

«ሰውዬው የታለ?»

«አዴ፣ አስወጣሁት።»

«ወዴት?»

«…አጠፋሁት።»

«ምሳ ሳይበላ?» አሉ፤ ወደ ባላቸውም ዞረው «ገና ሳንገባበት ከዚህ ቤት ሰው ማባረር ተጀመረ» አሉ። «መልሰው። ባለጌም ቢሆን በደጄ የተገኘ እንግዳ ነው። ምግባር እየቆየ ይማራል።»

መለስኩት። ያው ሸሚዝ፣ ያው ወንበር፣ ያው ቸልተኝነት። አዴ ሞሚና ትንሽ አዩትና ተዉት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ጠዋት አሳየኝ።»

ሰባት ብዬ ጻፍኩ፤ አንድ አላልኩም፤ ኮራሁ። ብርሃኑ በረንዳው ላይ እንደ ቅቤ ፈሰሰ። ሐጂ «ሱብሃነላህ» አሉ።

«ይሄ በር ወዴት ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ጎባ መንገድ፣ አዴ።»

«ፀሐይዋስ?»

«ያቻት፣ ከበሩ ፊት ለፊት።»

«እና ከጎባ በኩል ወጣች።»

«አዎ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

አያችሁ፣ ሮቤ የተወለደ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ጎባ በደቡብ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣው በምሥራቅ፣ በጎሮ በኩል ነው። ጎባ ብዙ ነገር አለኝ ይላል፤ ፀሐይ ከእኔ ትወጣለች ብሎ ግን አያውቅም። ጫልቱ ወደኔ ዞረች። ሰሜን የትም አይሄድም ያልኩት እኔው ነኝ፤ እውነትም አልሄደም ነበር፤ ያለ ቦታው ቁጭ ብሎ ነበር።

«ኮምፒዩተሩ ነው…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰውዬውንም ኮምፒዩተሩ ነው ብለህ ነበር» አሉ ኦቦ ሁሴን።

አዴ ሞሚና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ስማ ልጄ» አሉኝ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴን በአንድ ቃል አራገፉልኝ። «ገሰራ ቤቴ ደጃፍ ላይ አንዲት ቦታ አለችኝ። ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ እዚያ ነው የምታርፈው። ጉልበቴን እዚያ ሳላስቀምጥ አልነሳም። ከድር ከተማ ሲለኝ እምቢ ያልኩት ለሱ ነው፤ ለሐኪም ብዬ መድኃኒቴን ትቼ ልምጣ? ይሄን ብርሃን ሳይ እሺ ልል ነበር። ንገረኝ፣ ቤቱ ሲሠራ ፀሐይዋ እዚህ ትመጣለች ወይስ አትመጣም?»

ነጋዴ ነኝ። በዚህ ሰዓት አፌ ውስጥ ሦስት መልስ ተሰልፎ ነበር፤ ሦስቱም ቆርቆሮ ይሸጣሉ። «ያው ትንሽ ነው ልዩነቱ» የሚለው ከፊት ቆሟል። ጉልበታቸው ላይ ያለውን እጅ አየሁ።

«አላውቅም፣ አዴ» አልኩ። «ሰሜኑን ሳላስተካክል ዛፍ ስተክል ነበር። ልጅቷ ነግራኝ ነበር። ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ አይደለም፤ የእኔ ነው።»

ጫልቱ ማውሱን ከእጄ ወሰደች፤ አልተከራከርኩም። አንዲት ቀስት አዞረች። ፀሐይዋ ከጎባ ተነስታ ወደ ጎሮ ሄደች፤ ያ ቅቤ የፈሰሰበት በረንዳም ጥላ ዋጠው። ሰዓቱን ገፋችው፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር በፈረንጅ። በረንዳው ጨለማ ነው። ሰውዬው እዚያው ብርዱ ላይ ተቀምጧል። የሐጂ ፊት አብሮ ጠቆረ።

«በቃ» አሉ ሐጂ፤ ምርኩዛቸውን አነሱ።

«ምን በቃ? አዙሩታ» አሉ አዴ ሞሚና።

«ቤት ይዞራል እንዴ፣ አንቺ?»

«ያልተሠራ ነው። ለምን አይዞርም?»

ሃያ ዓመት የደከምኩበትን ተረት በአንድ ትንፋሽ አሻሻሉት። ጫልቱ ማውሱን እጃቸው ላይ አደረገችላቸው፤ እንዴት እንደሚይዙት አንዴ አሳየች። ያ ሁሉ ቪዲዮ እያየሁ፣ ያ ሁሉ ሣር ሳሎን ውስጥ እየበቀለብኝ ወር የፈጀሁበትን፣ አዴ ሞሚና ንፍሮ እንደሚያማስል ሰው ቀስ ብለው ቤቱን አዞሩት። ፀሐይዋን ያወጣሉ፤ ቤቱን ያዞራሉ፤ ያያሉ፤ ይመልሳሉ። ሐጂ ዓይናቸውን ያዙ። «ኧረ ቀስ፣ አዞረኝ!» «አንተ ውስጡ የለህም፤ ምን ያዞርሃል?» በመጨረሻ በረንዳው ወደ ጎሮ ዞረና ቆመ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ማለትም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ብርሃኑ መጀመሪያ ያረፈው የሰውዬው ጉልበት ላይ ነው።

አዴ ሞሚና በጣታቸው ስክሪኑን ነኩ። «እዚህ» አሉ። «እሱ ትንሽ ጠጋ ይበልልኝ።»

ኦቦ ሁሴን «ኢንሻአላህ ይሠራ» ብለው ተነሱ፤ ጉዳዩ እንደ ወሰን ጠብ ተዘጋ። ጫልቱ ፕላኑን በአዲሱ አቅጣጫ አስተካከለች። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ምስማር ከእኔ ሄደ። ማዶ ያለው ጎረቤቴ ፎቶዎቹን አላወረደም፤ ብቻ አንድ ቀን መጥቶ እጁን ላፕቶፔ ላይ እያሞቀ «ሰሜን እንዴት ነው የሚስተካከለው?» አለኝ። «እሱ የትም አይሄድም» አልኩት። ነጋዴ ነኝ ብያችኋለሁ።

ቤቱ አልቆ ሲመረቅ በጠዋት ተጠራሁ። ገንፎ በቅቤ ቀረበ፤ ባሌ ውስጥ ገንፎ ሲቀርብ ልክ የሚባል ነገር የለም። በልቼ በረንዳው ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ በጎሮ በኩል፣ በተባለው ሰዓት መጣች። ጉልበቴ ላይ አረፈች። ደረቴ ላይ ወጣች። አዴ ሞሚና እውነታቸውን ነው፤ መድኃኒት ነው። ዓይኔ ተከደነ።

የሰማሁት ከሩቅ ነው። «አሰላሙ ዓለይኩም።»

ዓይኔን ስገልጥ ኦቦ ሁሴንና ሽማግሌዎቹ በረንዳው ሥር ቆመዋል። ልነሳ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ገንፎው ግን እምቢ አለኝ። ልመልስ ብዬ አፌን ብከፍት እንቅልፍ የያዘው ምላሴ አልታዘዝ አለ።

ኦቦ ሁሴን ጎንበስ ብለው ሸሚዜን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ወደ ቤቱ ውስጥም ተጣሩ፦

«ሞሚና! ያ ሰውዬ እስካሁን አልተነሳም?»

ከውስጥ የአዴ ሞሚና ድምፅ መጣ።

«ተዉት። እሱ ከቤቱ ጋር የመጣ ነው።»